ለረጅም ሰዓት የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሥራ ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛን በአግባቡ የመጠቀም መመሪያ

ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ሰው ገላውን የሚረሳበት ሥራ ነው። የሁለት ሰዎችን ንግግር የያዘች አንዲት አጭር ትዕይንት ለማስተካከል የተቀመጠ ኤዲተር ቀና ሲል ሦስት ሰዓት አልፎ ያገኘዋል፤ በዚያን ጊዜ ወገቡ ጎብጧል፣ አንገቱ ወደ ስክሪኑ ተስቧል፣ ማውስ የያዘበት ትከሻም ሳያውቀው ወደ ጆሮው ተሰቅሏል። በተለምዶ ስታንዲንግ ዴስክ የሚባለው ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛ ለዚህ ችግር ጥሩ መሣሪያ ነው። ሆኖም ጠረጴዛውን በገዙበት ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው ሠርተው፣ እግራቸው ሲያብጥና ወገባቸው ሲይዛቸው ዝቅ ያደረጉትን ጠረጴዛ ዳግመኛ ከፍ ያላደረጉ የሙያ ባልደረቦች አውቃለሁ። የጠረጴዛው ጥቅም የሚገኘው ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው በመለዋወጥ ነው፤ ለኤዲተር ደግሞ የመለዋወጫውን ጊዜ ከሰዓት ይልቅ ሥራው ራሱ ቢወስንለት ይሻላል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚህ እምነት ላይ ቆሞ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ቆሞ መሥራት ክብደት ይቀንሳል የሚለው ተስፋ ብዙም መሠረት የለውም፤ ከመቀመጥ ጋር ሲነጻጸር በአንድ ሰዓት የሚጨምረው የኃይል ፍጆታ 10 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። ሳይንቀሳቀሱ ለረጅም ሰዓት መቆምም የራሱ ጉዳት አለው። የባት ጡንቻዎች በእንቅስቃሴ ሲኮማተሩ ደምን ወደ ልብ የሚገፉ በመሆናቸው፣ ሰው አንድ ቦታ ደርቆ ሲቆም ደም በታችኛው እግር ይከማቻል፤ በዚህም እግር ይከብዳል፣ ያብጣል፣ ሁኔታው ለዓመታት ሲቀጥልም የእግር ደም መልስ ሥሮች ሊወጠሩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲሲን የታተመ የባለሙያዎች የጋራ መግለጫ የቢሮ ሠራተኞች በሥራ ቀን ውስጥ በድምሩ 2 ሰዓት ያህል በመቆምና በቀላል እንቅስቃሴ በማሳለፍ እንዲጀምሩ፣ ቀስ በቀስም ወደ 4 ሰዓት እንዲያደርሱት ይመክራል። ይህ ቁጥር ተቆራርጦ የሚደመር ነው እንጂ በአንድ ጊዜ የሚቆሙት አይደለም። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው የኤርጎኖሚክስ (ሥራንና የሥራ ዕቃን ከሰው አካል ጋር የማጣጣም ጥናት) ምሁር አለን ሄጅ ደግሞ ከእያንዳንዱ 30 ደቂቃ ውስጥ 20ውን መቀመጥ፣ 8ቱን መቆም፣ 2ቱን መንቀሳቀስ የሚል ክፍፍል አስተዋውቀዋል። ኤዲተር ይህን ክፍፍል ቃል በቃል መከተል የሚከብደው ለምን እንደሆነ ስለ ሥራ ክፍፍል በሚናገረው ደረጃ ላይ እመለስበታለሁ።

የደም ዝውውር ችግር፣ የእግር ደም ሥር ሕመም ወይም የመገጣጠሚያ ጉዳት ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፣ ይህን ልማድ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ቢያማክሩ መልካም ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሰውነትዎን ይለኩ

ጠረጴዛ ከመምረጥዎ በፊት ሁለት ቁጥሮች በእጅዎ ሊኖሩ ይገባል። በሥራ ሰዓት የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ትከሻዎን ያላሉ፣ ክንድዎን በ90 ዲግሪ ያጥፉና ከወለሉ እስከ ክርንዎ ሥር ያለውን ርቀት ሌላ ሰው ይለካልዎ። ከዚያም የውስጥ እግርዎ ሙሉ በሙሉ ወለሉን እንዲነካ አድርገው ወንበር ላይ ይቀመጡና ያንኑ ርቀት እንደገና ያስለኩ። የቆመ ሰው የክርን ከፍታ ከጠቅላላ ቁመቱ 63 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ቁመቱ 170 ሴንቲሜትር የሆነ ሰው ያለ ጫማ 107 ሴንቲሜትር አካባቢ ያገኛል። ከሁለቱም ልኬቶች የኪቦርድዎን ውፍረት ሲቀንሱ የሚቀረው የጠረጴዛው ገጽ ሊቆምበት የሚገባ ከፍታ ነው።

ይህን ልኬት ሲያገኙ የመቀመጫው ቁጥር አስቀድመው ከገመቱት ያነሰ ሆኖ ሊያስገርምዎ ይችላል። ቁመታቸው የማይቀየር የተለመዱ ጠረጴዛዎች ከ72 እስከ 75 ሴንቲሜትር ከፍታ ስላላቸው፣ መካከለኛና ከዚያ በታች ቁመት ላለው ሰው ከፍ ያሉ ናቸው፤ ትከሻ ቀኑን ሙሉ ተሰቅሎ የሚውልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ዝቅ እንደሚልም መጠየቅ ይኖርብዎታል።

ደረጃ 2፦ ለኤዲቲንግ የሚሆን ጠረጴዛ ይምረጡ

እግሩ በሁለት ክፍል የሚዘረጋ ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 ሴንቲሜትር በታች ብዙ አይወርድም፤ በሦስት ክፍል የሚዘረጋው ግን ወደ 60 ሴንቲሜትር ቀርቦ እስከ 125 ሴንቲሜትር ገደማ መድረስ ይችላል። በጣም ረጅም ወይም አጭር ለሆነ ሰው፣ እንዲሁም አንዱን ጠረጴዛ ሁለት ሰዎች በፈረቃ ለሚጠቀሙበት ስቱዲዮ፣ ሁለተኛው ዓይነት ይመረጣል።

የኤዲተር ጠረጴዛ ብዙ ይሸከማል። ሁለት ሞኒተር ከነክንዳቸው፣ ድምፅ ማጉያዎች፣ ኮምፒውተርና ሃርድ ዲስኮች ሲደመሩ ክብደቱ በቀላሉ ከ30 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ በዚያ ላይ እርስዎ ሲደገፉበት የሚያሳርፉት ክብደት አለ። በእያንዳንዱ እግር ላይ ሞተር ያለው ጠረጴዛ ይህን ሸክም አንድ ሞተር ብቻ ካለው በተሻለ ሁኔታ ያነሣል። ከመሸከም አቅሙ በላይ ግን እኔ የማየው መረጋጋቱን ነው። ጠረጴዛውን ለእርስዎ በሚሆነው የመቆሚያ ከፍታ ላይ አድርገው ከፊት ወደ ኋላና ከጎን ወደ ጎን ገፋ ያድርጉት። በክንድ ላይ የተሰቀለ ሞኒተር የጠረጴዛውን ጥቂት መወዛወዝ አጉልቶ የሚያሳይ ስለሆነ፣ ኪቦርድ በተነካ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ ምስል ላይ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን አንድ ነጠላ ምስል) መምረጥ ዓይንን እጅግ ያደክማል።

ገጹ ቢያንስ ከ75 እስከ 80 ሴንቲሜትር ጥልቀት ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ትልቅ ሞኒተር ወደ ፊትዎ ይጠጋል። ሌላው የማልደራደርበት ነገር ከፍታን የሚያስታውስ ቁልፍ ነው። ጠረጴዛውን ለማንሣት ማንሻ ማዞር ወይም ቁልፍ ተጭኖ ቁጥር እያዩ መጠበቅ ካስፈለገ፣ በሥራ የተመሰጠ ሰው አንድ ሳምንት ሳይሞላው ይተወዋል። ሙሉውን ጠረጴዛ ለመቀየር ያልቻለ ሰው በተለመደ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ከፍ ዝቅ የሚል መደርደሪያ መጠቀም ይችላል፤ ወይም ቋሚ ከፍተኛ ጠረጴዛን የእግር ማሳረፊያ ካለው ረጅም ወንበር ጋር ማቀናጀት ይችላል።

ደረጃ 3፦ እጅዎንና ዓይንዎን በየቦታቸው ያስቀምጡ

ጠረጴዛውን በለኩት ከፍታ ላይ ካደረጉ በኋላ ክንድዎ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ታጥፎ፣ የእጅዎ አንጓ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሰበር ቀጥ ብሎ መቀመጡን ያረጋግጡ። ከኪቦርዱ ጀርባ ያሉትን ትንንሽ እግሮች ያጥፏቸው፤ ሲከፈቱ አንጓን ወደ ላይ ይሰብራሉ። ኤዲተር ቁጥር የሚጽፈው አልፎ አልፎ ስለሆነ የቁጥር ክፍል የሌለው አጭር ኪቦርድ መጠቀም ማውሱን ወደ አካል ያቀርበዋል፣ ቀኝ ትከሻም ወደ ውጭ ተዘርግቶ እንዳይውል ያደርጋል።

የሞኒተሩ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ፣ ርቀቱም ከተዘረጋ ክንድ ጋር የሚቀራረብ ይሁን። በመርህ ደረጃ በክርንና በዓይን መካከል ያለው ርቀት ቢቆሙም ቢቀመጡም አንድ ስለሆነ ሞኒተሩ ከጠረጴዛው ጋር ከፍና ዝቅ ሲል ሌላ ማስተካከያ ሊያስፈልገው አይገባም ነበር። በተግባር ግን ሰው ሲቀመጥ ጀርባው ጥቂት ይጎብጣልና ዓይኑ ጥቂት ሴንቲሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ሞኒተሩን ተቀምጠው ካስተካከሉት ቆመው አንገትዎን ይደፋሉ። በእጅ ገፋ ሲደረግ የሚንቀሳቀስ የሞኒተር ክንድ ይህን ልዩነት በቀላሉ ይፈታል። ታይምላይኑን (ቁርጦቹ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚደረደሩበትን ክፍል) እና የምስሉን መስኮት በሁለት ሞኒተሮች የሚከፍሉ ከሆነ ብዙ የሚያዩትን ከፊት ለፊትዎ፣ ሌላውን ከጎን አዘንብለው ያድርጉ።

በላፕቶፕ የሚሠራ ሰው ስክሪኑንና ኪቦርዱን መለየት ግድ ይለዋል፤ ሁለቱ ተያይዘው ሳሉ አንዱ በትክክለኛው ቦታ ሲሆን ሌላው ከቦታው መውጣቱ አይቀርም።

ደረጃ 4፦ ገመዶቹን ጠረጴዛው ከመንቀሳቀሱ በፊት ያደራጁ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለኤዲተር ግን ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ነው። ጠረጴዛው ከመቀመጫ ወደ መቆሚያ ሲሄድ ወደ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ይነሣል፤ ከወለል ጋር የተያያዘ አጭር ገመድ ሁሉ በዚያ መጠን ይሳባል። አንድ ጊዜ የዕለቱን ቀረጻ እየገለበጥኩ ሳለ ጠረጴዛውን ከፍ አደረግሁና የውጭ ሃርድ ዲስኬ ገመድ ወለል ላይ ከነበረው ኮምፒውተር ተነቀለ። ግልባጩ ተበላሸ፤ የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ ገና አለማጽዳቴ ብቻ ነው ቀረጻውን ያተረፈልኝ።

መከተል ያለብዎ መርህ እርስ በርስ በአጭር ገመድ የሚገናኙ ዕቃዎች ሁሉ በአንድነት ከጠረጴዛው ጋር እንዲጓዙ፣ ወይም በአንድነት ወለል ላይ እንዲቀሩ ማድረግ ነው። ላፕቶፕ ወይም አነስተኛ ኮምፒውተር ካለዎት እሱና ዲስኮቹ ከጠረጴዛው ጋር ይጓዙ፤ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ከገጹ ሥር በብሎን ያጥብቁትና ወደ ግድግዳ የሚሄደው አንድ ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ካስፈለገም አንድ የኔትወርክ ገመድ ብቻ ይሁን። ኮምፒውተርዎ ትልቅና ወለል ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ዲስኮቹ ከእሱ አጠገብ ይቅሩ፤ ወደ ላይ የሚወጡት የሞኒተር፣ የኪቦርድና የድምፅ ገመዶች ብቻ ረዘም ይበሉ። ፈጣን ዲስክን በረጅም ገመድ ማገናኘት የራሱ ዋጋ አለው፤ ለምሳሌ ፈጣን ዲስኮችን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ተራ የተንደርቦልት 3 ገመድ ከግማሽ ሜትር ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ40 ጊጋቢት ወደ 20 ይወርዳል። የመብራት መቆራረጥን የሚከላከለው ባትሪና የጋራ ማከማቻው ሁልጊዜ ወለል ላይ ይሁኑ።

በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ያለው ሃርድ ዲስክ ሥራ ላይ እያለ መመታትንና ድንገተኛ መናወጥን አይወድም፤ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ኤስኤስዲ ዲስክ ይህ ችግር የለበትም። ጠረጴዛዎ ሲነሣና ሲቆም የሚነዝር ከሆነ እየተጻፈበት ያለው ዲስክ እስኪጨርስ ይጠብቁ። ሁሉንም አስረው ሲጨርሱ ዕቃዎቹን አጥፍተው ጠረጴዛውን እስከ መጨረሻው ከፍ ያድርጉት፤ ከሥሩ ጎንበስ ብለው እያንዳንዱ ገመድ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ትርፍ እንዳለው ይመልከቱ።

ደረጃ 5፦ የሚቆሙበትን ወለል ያዘጋጁ

ደረቅ ወለል ላይ መቆም ተረከዝንና ወገብን በፍጥነት ያደክማል። ውፍረቱ 2 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ፣ ሲረገጥ ጥቂት የሚሰምጥ ግን እግርን የማይውጥ ምንጣፍ ያንጥፉ። ከፊትዎ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ ሣጥን ወይም የእግር ማሳረፊያ ያስቀምጡና አንዱን እግር እያፈራረቁ ያሳርፉበት፤ ይህ ወገብን ምን ያህል እንደሚያሳርፍ በመጀመሪያው ቀን ይገነዘባሉ። ሲቀመጡ ምንጣፉን በእግርዎ ገፋ አድርገው ከወንበሩ ጎማ ያርቁት።

ደረጃ 6፦ የትኛው ሥራ በመቆም፣ የትኛው በመቀመጥ እንደሚሠራ ይወስኑ

በየ20 ደቂቃው የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ኤዲተርን አይረዳውም። ጥሪው የሚመጣው ሰውየው አንድን ንግግር ከሌላው ጋር በሚያጋጥምበት፣ የሁለቱ ምስሎች ምት ጭንቅላቱ ውስጥ በሚመታበት ሰዓት ነውና ማስጠንቀቂያውን ያጠፋዋል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም መስማቱን ይተዋል። ኤዲቲንግ ግን ከብዙ የቢሮ ሥራ በተለየ ሁኔታ በተፈጥሮው በምዕራፍ የተከፈለ ነው። ማየት፣ መምረጥ፣ መደርደር፣ ማጥራት፣ ቀለም፣ ድምፅ፣ ማውጣት ተራ በተራ ይመጣሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ አሳብ በራሱ ጊዜ ለአፍታ ይላላል። ጠረጴዛውን ማንቀሳቀስ ያለብዎ በዚያች ክፍተት ነው።

ቆሞ መሥራት የሚስማማው ሰፊ እይታና ቆራጥነት ለሚጠይቀው ክፍል ነው። ጥሬ ቀረጻውን ሲመለከቱና ሲመርጡ ለእጅዎ የሚያስፈልጉት ማጫወቻዎቹ ጄ፣ ኬ እና ኤል፣ እንዲሁም መጀመሪያና መጨረሻ ምልክት ማድረጊያዎቹ አይ እና ኦ ቁልፎች ብቻ ስለሆኑ ቆሞ ማየት ቀላል ነው፤ ዓይንም አይፈዝም። ድምፅና ምስል ማጋጠም፣ ፋይሎችን መሰየምና በየአቃፊው መደልደል፣ ከዳይሬክተር ወይም ከደንበኛ ጋር በስልክ መነጋገርም እንዲሁ ነው። የሦስት ኦስካር ሽልማቶች ባለቤት የሆነው አሜሪካዊው የፊልም ኤዲተርና የድምፅ ባለሙያ ዋልተር መርች ቆሞ በመሥራት ይታወቃል፤ የመቁረጫውን ነጥብም ምስሉ በመደበኛ ፍጥነቱ እየሄደ ሳለ ይመታና፣ እንደገና አጫውቶ በዚያው ፍሬም ላይ መምታት አለመምታቱን ይፈትሻል። እኔም የመጀመሪያውን ድርድር በዚህ መንገድ ቆሜ ስሠራ ቁርጦቼ የበለጠ ሕይወት ያላቸው ይመስለኛል፤ ሰውነት ሳይታሰር ሲቀር ምቱን በእግርና በትከሻም ይሰማዋል። ያለቀ ቁራጭ ሲገመግሙ ደግሞ ከጠረጴዛው ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ርቀው፣ እጅዎን ከኪቦርዱ አውጥተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዩት። እጅ ማስተካከል ሲያቅተው ዓይን እንደ ተመልካች ማየት ይጀምራል።

በአንጻሩ ፍሬም በፍሬም የሚደረግ ማጥራት፣ ማስክ መሥራት (የምስሉን አንድ ክፍል ከሌላው መለየት)፣ የአንድን ሰው ጠርዝ በፔን ታብሌት እየተከተሉ መቁረጥና ረጅም የጽሑፍ ትርጉም ማስገባት ተቀምጠው ቢሠሩ ይመረጣል። የቆመ ሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ ሳያቋርጥ በጥቂቱ ይወዛወዛል፤ ክንዱ ይህን ለማካካስ ሲታገል ጥቃቅን የእጅ እንቅስቃሴ ትክክለኛነቱን ያጣል። በወንበር ክንድ ላይ ያረፈ ክርን ግን እጅን እንደ መልሕቅ ይይዘዋል።

ሬንደር ወይም ኤክስፖርት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ያለቀውን ሥራ አቀናብሮ እንደ ቪዲዮ ፋይል የሚያወጣበት ጊዜ፣ ለዚህ ሁሉ ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ የተሻለ ደወል ነው። የማውጫውን ቁልፍ ሲጫኑ ወዲያው የጠረጴዛውንም ቁልፍ ይጫኑ፤ ተቀምጠው ከነበረ ይነሡ፣ ቆመው ከነበረ ክፍሉን ለቀው ጥቂት ተራምደው ይመለሱ። በዚህ ጊዜ ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ለ20 ሰከንድ መመልከት ዓይንንም ያሳርፋል።

ደረጃ 7፦ የቀለምና የድምፅ ሥራን አንድ ቦታ ላይ ያጽኑ

ከለር ግሬዲንግ (የምስሉን ቀለምና ብርሃን ማስተካከል) ሲያደርጉ የዓይንዎና የስክሪኑ ማዕዘን መቀያየር የለበትም፤ ብዙ ሞኒተሮች ከላይና ከፊት ሲታዩ የጥቁሩንና የቀለሙን ጥልቀት በአንድ ዓይነት አያሳዩም። ጠረጴዛው ሲነሣም ከመስኮትና ከጣሪያ መብራት የሚመጣው ነጸብራቅ ቦታውን ይቀይራል። ከስክሪኑ ኋላ የምታበራ የ6500 ኬልቪን (የቀን ብርሃን ዓይነት ነጭ) መብራት የምትጠቀሙ ባለሙያዎች መብራቷን ከግድግዳው ይልቅ ከሞኒተሩ ጀርባ ብታያይዟት ከጠረጴዛው ጋር ከፍና ዝቅ ስለምትል የብርሃኑ ሁኔታ ብዙም አይናጋም። ያም ሆኖ አንድን ትዕይንት በአንድ አቋም ጀምረው በዚያው እንዲጨርሱ እመክራለሁ።

የድምፅ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎችና የአድማጩ ጭንቅላት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ሊሠሩ፣ ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ የማጉያው ክፍልም ከጆሮ ጋር እኩል ሊሆን ይገባል። ማጉያዎቹ በራሳቸው መቆሚያ ወለል ላይ ከቆሙ እርስዎ በተነሡ ቁጥር ጆሮዎ ከመስመሩ ይወጣል፣ ቀጫጭኑ ድምፅም ይደበዝዛል፤ በዚህም ተታለው ያለ ልክ ይጨምሩበታል። ከጠረጴዛው ጋር የሚጓዙ ከሆነም ከወለልና ከጣሪያ ያላቸው ርቀት ይቀየራልና የወፍራሙ ድምፅ መጠን ይለዋወጣል። ስለዚህ የመጨረሻውን ሚክስ (የድምፆች ማመጣጠን) ክፍሉ በተስተካከለለት የመቀመጫ ከፍታ ላይ ብቻ ያድርጉ። ቆመው ሲሠሩ በጆሮ ማዳመጫ ቢጠቀሙ ይህ ችግር አይነካዎትም፤ ገመዱ ብቻ ሲነሡ የማይስብዎ ረጅም ይሁን።

ደረጃ 8፦ ሰውነትዎን ቀስ በቀስ ያለማምዱ

በመጀመሪያው ሳምንት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ መቆም በቂ ነው። በሁለተኛው ሳምንት እያንዳንዱን ወደ 20 ደቂቃ ያሳድጉ፤ ከዚያ በኋላ አንድ የጥሬ ቀረጻ ምርጫን ወይም አንድ ሙሉ ግምገማን ቆሞ መጨረስን ግብ ያድርጉ። ልምድ ካገኙ በኋላም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከ40 እና 45 ደቂቃ በላይ መቆም ለኤዲተር የሚያስገኘው ጥቅም አይታየኝም።

በዚህ ወቅት የጡንቻ ድካም የሚጠበቅ ነው። የሚያደነዝዝ፣ የሚወጋ ወይም ከተቀመጡ በኋላም የማይለቅ ሕመም ግን እንደ ልምምድ አይቆጠርም፤ ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ። መቀመጫ ጊዜዎ መድረሱን ከሰዓት በፊት ሰውነትዎ ይነግርዎታል፦ ክርንዎን ጠረጴዛው ላይ ጥለው መደገፍ ሲጀምሩ፣ ክብደትዎ ሁሉ ወደ አንድ ዳሌ ሲያዘነብል፣ ጉልበትዎ ወደ ኋላ ተቆልፎ ሲደርቅ፣ ወይም አገጭዎ ወደ ስክሪኑ ሲሳብ ጠረጴዛውን ዝቅ ያድርጉ። ከአንድ ወር በኋላ ከፍታዎቹን እንደገና ይለኩ፤ ጀርባዎ ቀና ብሎ መቀመጥን ስለሚለምድ፣ ወይም ጫማና ምንጣፍ ስለሚቀየር፣ በቁልፉ ላይ ያስቀመጧቸው ቁጥሮች በአንድና በሁለት ሴንቲሜትር መታረም ያስፈልጋቸው ይሆናል።

ሥራ በሚያስረክቡበት ሌሊት ይህ ሥርዓት ይፈተናል። እንቅልፍ ሲመጣ ለማባረር ብሎ ለሰዓታት ቆሞ መቆየት የተለመደ ነው፤ በደከመ ሰውነት ላይ ግን መቆም ወገብን ቶሎ ይጎዳል፣ የእጅንም ስህተት ያበዛል። በዚያ ሌሊት የመቆሚያውን ጊዜ ያሳጥሩና ቁርጦቹን ተቀምጠው ይጨርሱ፤ እያንዳንዱ ኤክስፖርት እስኪያልቅ ከወንበርዎ ተነሥተው ይራመዱ፤ የመጨረሻውን ፋይል ግን ለማስረከብ ከመላክዎ በፊት ጠረጴዛውን ከፍ አድርገው፣ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ርቀው፣ ቆመው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመልከቱት።